ሥራ አጥ እንጂ ሥራ ፈት አይደለም

የዛሬው ዝግጅታችን በአንድ የሙዚቃ አልበም ላይ ነው። ከአልበሙ ስም በፊት ግን በውስጡ የሚኖር አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሰውየው ስም የለውም። ሥራውን አጥቷል። ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ በእጁ የሚችለውን ሁሉ ይቆጥርላታል። የሰው ግቢ ሣር ማጨድ ይችላል፤ አሸንዳ የደፈነ ቅጠል መጥረግ፣ የሚያፈስ ጣሪያ መጠገን፣ የተበላሸ ሞተር ፈቶ መግጠም፣ የደረሰ ሰብል መሰብሰብም ይችላል። ሚስቱ በዘፈኑ ውስጥ አንድም ቃል አትመልስም። እሱ ግን ይህ ቀን እንደሚያልፍ ደጋግሞ ይነግራታል፤ በደጋገመው ቁጥር የሚያጽናናው እሷን ይሁን ራሱን መለየት ያቅተናል።

በአማርኛ ለእንዲህ ያለ ሰው ሁለት ስም አለን፤ ሥራ አጥ እና ሥራ ፈት። በወሬ መሀል እያቀያየርን እንጠራባቸዋለን እንጂ ርቀታቸው የሰማይና የምድር ነው። ሥራ አጥ ፈልጎ ያጣ ነው። ሥራ ፈት ስንል ግን በሰውየው ላይ ፈርደናል፤ ሰነፍ ነው፣ ጥፋቱ የራሱ ነው ብለናል። ይህ ሰው ሥራ አጥ ነው። እንቅልፍ የሚነሣው ግን ሥራ ፈት መባሉ ነው፤ ያን ሁሉ ሙያ የሚቆጥረውም ለዚህ ይመስለኛል። የዘፈኑ ስም «ጃክ ኦፍ ኦል ትሬድስ» ነው፤ ሁሉንም ሥራ የሚሞክር፣ ለሁሉም የሚሆን ሰው ማለት ነው። በእንግሊዝኛው አነጋገር ስሙ የንቀት ቃናም አለው፤ ሁሉን ይነካካል፣ በአንዱም አልተካነም እንደማለት። ሙገሳና ንቀት በአንድ ስም ተጠቅልለው ይመጣሉ።

አልበሙ «ሬኪንግ ቦል» ይባላል። ሬኪንግ ቦል አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ በክሬን ላይ ተንጠልጥሎ፣ እየተወዛወዘ ግድግዳ የሚደረምስ ከባድ የብረት ኳስ ነው። አልበሙ በማርች 2012 ወጣ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ዘፋኙና ደራሲው ብሩስ ስፕሪንግስቲን ነው፤ ያኔ 62 ዓመቱ ነበር፤ አልበሙም ስቱዲዮ ገብቶ ከሠራቸው 17ኛው ነው። በዚያ ዕድሜ ብዙ የሮክ ዘፋኞች የወጣትነት ዘፈኖቻቸውን እየደጋገሙ በሰላም ይኖራሉ። ይህ ሰው ግን ተቆጥቶ መጣ።

ከየት እንደመጣ እንይ። ስፕሪንግስቲን የተወለደው በ1949 ነው፤ ያደገውም ፍሪሆልድ በምትባል ትንሽ የኒው ጀርሲ ከተማ ነው። ከተማዋ የምንጣፍ ፋብሪካ ነበራት፤ ብዙ ቤተሰብ እንጀራው ከዚያ ይወጣ ነበር። በኋላ ፋብሪካው ተዘጋ። አባቱ ዳግላስ በምንጣፍ ፋብሪካው ሠርቷል፣ በፎርድ መኪና ፋብሪካ ሠርቷል፣ የእስር ቤት ዘብ ሆኗል፣ አውቶቡስ ነድቷል፤ ሥራ ይዞ ሥራ እየለቀቀ ኖረ። ስፕሪንግስቲን በ2016 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የአባቱን ምሽቶች ይተርካል። አባትየው የወጥ ቤቱን መብራት አጥፍቶ፣ ሲጋራውንና ቢራውን ይዞ፣ በጨለማው ውስጥ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ በዚያ ጨለማ በኩል ማለፍ ነበረበት። እናቱ አዴል ደግሞ የሕግ ቢሮ ጸሐፊ ነበረች፤ በየማለዳው ተነሥታ፣ አምራ ለብሳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ለልጇ 60 ዶላር የሚያወጣ ጊታር የገዛችለት ተበድራ ነው።

ከልጅነቱ የያዘው ሥዕል ይኸው ነው፤ አንዷ ሥራ አላትና ቀና ብላ ትሄዳለች፣ ሌላው ሥራው አልጸና ብሎት በጨለማ ይቀመጣል። እኔ የዚህን ሰው ዘፈኖች ባዳመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ ወደዚያ ወጥ ቤት ያልተመለሰ ትልቅ ዘፈን አላገኘሁበትም። የኢኮኖሚ ባለሙያ የሥራ አጥነትን መጠን በመቶኛ ይነግረናል። ስፕሪንግስቲን የሚነግረን መብራቱ የጠፋውን ቤት ነው።

አሁን አልበሙ ወደተወለደበት ጊዜ እንምጣ። አልበሙን የወለደው ቀውስ የጀመረው ከቤት ብድር ነው። በአሜሪካ ባንኮችና አበዳሪዎች መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ሳይቀር የቤት መግዣ ያበድሩ ነበር። ብድሩን ያበደረው ድርጅት ራሱ ይዞ አይቆይም፤ ከሌሎች በሺህ ከሚቆጠሩ ብድሮች ጋር ይቋጠርና እንደ ሸቀጥ ለሌላ ይሸጣል፤ የገዛውም መልሶ ይሸጠዋል። አበዳሪው ገንዘቡን በጊዜ ስላገኘ ተበዳሪው ቢከፍልም ባይከፍልም ግድ አይሰጠውም። የቤት ዋጋ እየጨመረ እስካለ ድረስ ሁሉም አተረፈ። ዋጋው ሲወርድ ግን ቋጠሮው ተፈታ። በሴፕቴምበር 2008 ሊማን ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ ባንክ ከሰረ። በወሩ የአሜሪካ ምክር ቤት የፋይናንስ ተቋማትን ለመታደግ 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። በኦክቶበር 2009 የሥራ አጡ ቁጥር 10 በመቶ ደረሰ። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ቤተሰብ በሚሊዮን እየተቆጠረ ቤቱን ለባንክ አስረከበ። ባንኮቹን የሚያነሣ እጅ ቶሎ ተገኘ፤ ቤቱን ያጣው ሰው ግን ዕቃውን መንገድ ላይ እንደደረደረ ቀረ። በሴፕቴምበር 2011 ወጣቶች በኒው ዮርክ፣ ከዎል ስትሪት አጠገብ ባለች ትንሽ መናፈሻ ድንኳን ተክለው፣ እኛ 99 በመቶው ነን እያሉ መጮኽ የጀመሩት ይህ ቁጣ አልበርድ ብሎ ነው። አልበሙ የወጣው ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ ነው።

አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ስፕሪንግስቲን በ1984 «ማይ ሆምታውን» የሚል ዘፈን አውጥቶ ነበር፤ የትውልድ ከተማዬ ማለት ነው። ዜማው ዝግ ያለ፣ ለእንጉርጉሮ የቀረበ ነው። ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ሱቆቹ ባዶ ናቸው፣ ባልና ሚስት ማታ ማታ ከተማዋን ለቀው ስለመሄድ ይመካከራሉ። በዚያ ዘፈን ውስጥ ጥፋተኛ የሚባል ሰው የለም። ፋብሪካው የሚዘጋው ዝናብ እንደሚቀር ነው፤ ማንም አልዘጋውም፣ ብቻ ተዘጋ።

ከ28 ዓመት በኋላ «ሬኪንግ ቦል» ላይ ሌላ ዘፈን አለ፤ «ዴዝ ቱ ማይ ሆምታውን»፣ ሞት በትውልድ ከተማዬ ላይ እንደማለት። ከተማዋ የያኔዋ ዓይነት ከተማ ናት፤ ሐዘኑም ያው ነው። ድምፁ ግን ከእንጉርጉሮ ወደ ቀረርቶ ተቀይሯል። የአየርላንድ ዋሽንት ይነፋል፣ ከበሮው እንደ ወታደር ሰልፍ ይደልቃል። ዘፋኙ መድፍ እንዳልተተኮሰ፣ ቦምብ እንዳልወደቀ፣ ደም እንዳልፈሰሰ ይናገራል፤ ከተማዋ ግን ወድማለች። ያወደሟት ሰዎች ናቸው፤ መጥተው፣ ዘርፈው፣ ሳይጠየቁ ሄደዋል። በሁለቱ ዘፈኖች መካከል የተለወጠውን በአንድ ቃል ንገረኝ ብትሉኝ፣ የግሡ ባለቤት ነው እላችኋለሁ። «ተዘጋ» ሲል የኖረ ሰው «ዘጉት» ማለት ጀመረ። እኔ አልበሙን ታላቅ የምለው ስለዚህ ለውጥ ነው።

የድምፁን ምንጭም ማወቅ ይገባል። በዚህ ዘፈን ውስጥ ከኋላ የሚሰማው የመዘምራን ድምፅ በስቱዲዮ የተቀዳ አይደለም። አላን ሎማክስ የሚባል የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ መቅረጫውን ተሸክሞ በአሜሪካ ገጠር እየዞረ የአርሶ አደሩን፣ የእስረኛውን፣ የምእመኑን ዜማ ሲቀዳ ኖሯል። በአላባማ ግዛት ከቀዳቸው የመንፈሳዊ መዝሙር ዘማሪዎች ድምፅ ነው ተቆርጦ እዚህ የገባው። በአልበሙ ሌላ ቦታም እንዲሁ የሎማክስ ቅጂ አለ። ስፕሪንግስቲንና ፕሮዲዩሰሩ ሮን አኒዬሎ የኮምፒዩተር ምትን ከእነዚህ አሮጌ ድምፆች ጋር ሲያዋህዱ ትርጉም እየጨመሩ ነው። ዛሬ የሚቆጣው ሰው ከኋላው አያቶቹ አብረውት ይጮኻሉ።

ለመሆኑ ሕዝቡ ዘፈኖቹን በትክክል ሰማቸው ወይ? ይህ በስፕሪንግስቲን ሕይወት ውስጥ የቆየ ችግር ነው፤ እኛ ደግሞ ሰምና ወርቅ ለምደን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ከማንም በተሻለ የሚገባን ይመስለኛል። በ1984 የወጣው «ቦርን ኢን ዘ ዩ ኤስ ኤ» የተሰኘው ዘፈኑ አዝማቹ እንደ ፉከራ ነው፤ በአሜሪካ ተወለድኩ እያለ ያስተጋባል። ስንኞቹ ግን ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ ሥራ ስላጣ፣ ወንድሙንም በዚያ ጦርነት ስለተነጠቀ ሰው ይተርካሉ። አዝማቹ ሰም፣ ስንኞቹ ወርቅ ናቸው። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ባንዲራ እያውለበለበ ሰሙን ዘመረ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ በምርጫ ዘመቻ ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ወደ ኒው ጀርሲ መጥተው፣ የአሜሪካ ተስፋ በዚህ ልጅ ዘፈኖች ውስጥ እንዳለ ተናገሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስፕሪንግስቲን የብረት ሠራተኞች ከተማ በሆነችው በፒትስበርግ መድረክ ላይ ወጣና፣ ፕሬዚዳንቱ የትኛውን አልበሜን ሰምተው ይሆን ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም ከሥራው ተባርሮ፣ ዕዳ አጣብቆት፣ ሰክሮ ሰው ስለገደለ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ የሚተርከውን «ጆኒ 99» ዘፈነላቸው።

የ2012ቱ አልበም የመጀመሪያ ዘፈንም ይኸው ዕጣ ደርሶታል። «ዊ ቴክ ኬር ኦፍ አወር ኦን» ይላል፤ የራሳችንን ሰው አንጥልም፣ ወገናችንን እንጠብቃለን ማለት ነው። አዝማቹን ብቻ የሰማ ሰው ስለ መልካም ጉርብትና የተዘፈነ ነው ይላል። ስንኞቹ ግን በ2005 ኒው ኦርሊንስ በካትሪና ማዕበል ስትጥለቀለቅ ሕዝቡ እርዳታ አጥቶ በስታዲየም ውስጥ የታጎረበትን ቀን ያነሣሉ። ወገን ወገኑን ያልጠበቀበትን ቀን እያስታወሰ ነው ወገናችንን እንጠብቃለን የሚለው። ጥያቄ ነው፤ ክስም ነው። በ2012 በነበረው ምርጫ የፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመቻ ዘፈኑን ተጠቀመበት፤ ስፕሪንግስቲንም ራሱ ኦባማን ደግፎ በየመድረኩ ዘፍኗል። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል ጥያቄው መደብዘዙ ያሳዝነኛል።

በዚህ አጋጣሚ እኛን ከዚህ ሰው ጋር ያገናኘንን አንድ ሌሊት ላንሣ። በኛ አቆጣጠር ጥር 20 ቀን 1977 ነው። በ77ቱ ድርቅ ወገኖቻችን በረሃብ በሚያልቁበት ወቅት፣ በሆሊውድ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ከ40 በላይ አርቲስቶች ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ቀዱ። ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ ደርሰውት፣ ኩዊንሲ ጆንስ ያቀናበረው ዘፈን ነው። ያን ዘመን የምታስታውሱ፣ አዝማቹ ላይ ከስቲቪ ዎንደር ጋር እየተቀባበለ የሚጮኸውን የሻከረ ድምፅ ታውቁታላችሁ። እሱ ስፕሪንግስቲን ነው። በዚያው በ1980ዎቹ አጋማሽ ኮንሰርት በሚያቀርብባቸው ከተሞች ለሚገኙ የምግብ ባንኮች ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ፤ ልማዱንም ለዓመታት አልተወውም። የምግብ ባንክ ማለት መግዛት ያቃተው ቤተሰብ ቀለብ የሚያገኝበት ቦታ ነው። በዓለም ሀብታም በምትባለው አገር የሚራብ ሰው እንዳለ በየምሽቱ ለታዳሚው ይነግር ነበር።

የአልበሙ ስም የወጣበት ዘፈን ታሪኩ ሌላ ነው። በኒው ጀርሲ ጃያንትስ ስታዲየም የሚባል በ1976 የተከፈተ ትልቅ ስታዲየም ነበር። ሊፈርስ ሲል፣ በ2009፣ ስፕሪንግስቲን የመሰናበቻ ኮንሰርቶች አቀረበበትና ለዚያ ብሎ ዘፈኑን ጻፈ። በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ስታዲየሙ ራሱ ነው፤ ና ምታኝ ይለዋል የብረቱን ኳስ። ስለ አንድ ሕንፃ የተጻፈው ዘፈን ከሦስት ዓመት በኋላ በዚህ አልበም መሀል ሲገባ፣ ስታዲየሙ ቤቱን የተነጠቀ ሰው ሆነ። ሰሙ እንዳለ ወርቁ ተለወጠ።

«ዚስ ዲፕሬሽን» የሚለው ዘፈን ለአማርኛ ተርጓሚ ፈተና ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የኢኮኖሚ ድቀትንም የመንፈስ ድባቴንም ይጠራል፤ እኛ ሁለት ቃል አለን፤ አንዱን ስንመርጥ ሌላው ያመልጠናል። ዘፈኑ ግን ሁለቱን ለያይቶ አያውቅም። ስፕሪንግስቲን ራሱ ከድባቴ ጋር ለረጅም ዓመታት መታገሉን በግልጽ ተናግሯል፤ አባቱም የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ኪሱ ባዶ የሆነና ልቡ የጨለመ ሰው በአንድ ቤት እንደሚያድሩ ያውቃል። የዘፈኑ ቃላት ጥቂት ናቸው። በሕመም ላይ ያለ ሰው ብዙ አያወራምና ልክ ነው።

አልበሙ እንከን አለበት። «ዩቭ ጎት ኢት» የሚለው የፍቅር ዘፈን እዚህ ምን እንደሚሠራ ዛሬም አልገባኝም፤ በለቅሶ ቤት መሀል የገባ የሠርግ ዜማ ነው። አንዳንዱም ዘፈን መሣሪያ በዝቶበት ቃሉ ይዋጣል። «ጃክ ኦፍ ኦል ትሬድስ» ከሁሉ የሚበልጠው በእርጋታው ነው። ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መለከቱ ከሩቅ እንደሚሰማ ሆኖ ይገባል። ያ ትዕግሥተኛ ሰው ሙያውን ቆጥሮ፣ ሚስቱን አጽናንቶ ሲጨርስ፣ መጨረሻ ላይ በዚያው የረጋ ድምፅ፣ ጠመንጃ ቢኖረው ለዚህ ያበቁትን ፈልጎ እንደሚገድል ይናገራል። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ያንኑ ማጽናኛውን አንዴ ይደግምና ቃሉ ያበቃል፤ ከዚያ የቶም ሞሬሎ ጊታር ብቻ ያለቅሳል። ይህን ዘፈን ለተማሪዎቼ ባሰማኋቸው ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል። የደነገጡት በጠመንጃው አይደለም፤ ሣር አጫጁን ሰውዬ ወድደውት ስለነበር ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያነሣውን ጥያቄ እናንሣ። ስፕሪንግስቲን ሀብታም ነው። በ2021 መጨረሻ የዘፈኖቹን መብት ለሶኒ ሲሸጥ ዋጋው 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። በ2022 ለኮንሰርቱ የተሸጡ አንዳንድ ትኬቶች፣ ፈላጊ በበዛ ቁጥር ዋጋው በሚጨምርበት አሠራር፣ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ደርሰዋል። አድናቂዎቹ አዘኑ፤ ለአሥርት ዓመታት ስለ እሱ ሲጽፍ የኖረ መጽሔት እንኳ በዚህ ቅር ተሰኝቶ ተዘጋ። ቅሬታቸው እውነት አለው፤ ስለ ሠራተኛ የሚዘፍን ሰው መድረክ ፊት ሠራተኛው መግባት ካቃተው አንድ ነገር ተሰብሯል። እሱ ራሱ በ2017 በብሮድዌይ ቴአትር ባቀረበው ትርኢት ላይ፣ በሕይወቱ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ፣ የጻፈው ሁሉ ግን ስለዚያ እንደሆነ ለታዳሚው ተናዝዟል። ታዲያ ዘፈኑ ውሸት ነው ወይ? እኔ አይደለም እላለሁ። በዚያ ጨለማ ወጥ ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አይቷል፤ ያየውን መስክሯል። ምስክር ለመሆን ደግሞ ተከሳሽ ወይም ተበዳይ መሆን ግድ አይደለም፤ በቦታው መገኘትና ያዩትን አለመርሳት ይበቃል።

ከመሰነባበታችን በፊት ስለ ባቡሩ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ስለ አንድ ባቡር የሚዘምር የቆየ መዝሙር አላት፤ ባቡሩ ወደ ክብር የሚሄድ ነው፤ የሚያሳፍረውም ጻድቃንን ብቻ ነው። ቁማርተኛ አይገባበትም፣ ውሸታም አይገባበትም። ስፕሪንግስቲን በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህን ባቡር ወስዶ በሩን ከፈተው። «ላንድ ኦፍ ሆፕ ኤንድ ድሪምስ» በሚለው ዘፈኑ ጻድቁም ኃጢአተኛውም፣ አሸናፊውም ተሸናፊውም፣ ቁማርተኛውም ልቡ የተሰበረውም ይሳፈራሉ። ለዓመታት በመድረክ ሲዘፍነው ቆይቶ በስቱዲዮ ሠርቶ ያወጣው በዚህ አልበም ነው፤ ያስቀመጠውም ከዚያ ሁሉ ቁጣ በኋላ፣ ወደ መጨረሻው ነው።

ዘፈኑ ሲጋመስ የሳክስፎን ድምፅ ትሰማላችሁ። የሚነፋው ክላረንስ ክሌመንስ ነው፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከስፕሪንግስቲን ጎን የቆመው ግዙፉ ጥቁር ሳክስፎኒስት። ክሌመንስ በጁን 2011፣ በ69 ዓመቱ፣ አልበሙ ሳይወጣ ዐረፈ። አኒዬሎ ከቀድሞ የመድረክ ቅጂዎች ላይ ድምፁን ለቅሞ እዚህ አስገባው። ዘፈኑን ስታገኙት መጀመሪያ ቃሉን ተዉትና ያንን ቦታ ጠብቁ። ጊታሩ ገለል ይላል፣ መዘምራኑ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ከዚያ የሞተው ጓደኛ ይገባል።